የብሎክ 46 መንፈስ መሸኛ ጠየቀች

በ2089 ዓ.ም. በጨፌ ብርሃን ከተማ አንድም ሰው አይኖርም ነበር። ይህንንም የአደባባዩ ድምፅ ማጉያ በየማለዳው ያረጋግጣል። ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ይንኮሻኮሽና፣ «እንደምን አደራችሁ። የነዋሪ ብዛት፣ ዜሮ። መልካም ቀን ይሁንላችሁ» ይላል። እማማ ኤልዳና በብሎክ 46 አራተኛ ፎቅ በረንዳቸው ላይ ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ፣ «ቆጣሪ ብሎ ዝም» ይሉታል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲሉት ኖረዋል፤ እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያፍር ዜሮውን ያነባል።

ከተማዋ ስትሠራ ለዘጠና ሺህ ሰው ታስባ ነበር። ፈጣኑ ባቡር በሌላ በኩል ያልፋል ሲባል ግን ሱቁ ባቡሩን ተከተለ፣ ትምህርት ቤቱ ሱቁን ተከተለ፣ ሕዝቡም ትምህርት ቤቱን ተከትሎ በዓመት ተኩል ውስጥ ተጠቃሎ ወጣ። የሚወጣው ሁሉ ከቀበሌው መሸኛ መያዝ ነበረበት። መሸኛ የሌለው ሰው በሄደበት አገር አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ እንኳን ቤት የአውቶቡስ በር አይከፈትለትም። የእማማ ኤልዳና ተራ ስድስት መቶ አሥራ አንደኛ ነበር። ጸሐፊዋ ስድስት መቶ አሥረኛውን ሸኝታ፣ ማኅተሙ መኪና ላይ ስለተጫነ ነገ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። በነጋታው ቢመለሱ ቀበሌው ራሱ ሄዷል።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በማመልከቻ ይፈታ ነበር። ነገሩን ያከረረው የገዛ አፋቸው ነው።

በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ጣቢያ ሁሉ መንፈስ አሳዳጅ ሆኗል። ባዶ ከተማ በበዛ ቁጥር በባዶ ከተማ የሚዞር ካሜራም በዛ። መጀመሪያ ላይ ማንኪያ በክር እየጎተቱ «ተንቀሳቀሰ» የሚሉ ስለነበሩ ተመልካቹ ተማረረ፤ መንግሥትም የስርጭት ተዓማኒነት መሥሪያ ቤት የሚባል አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መንፈስ ሁሉ እንደ ተማሪ ከመቶ ይታረማል። ከስልሳ በታች ያገኘ ከአየር ይወርዳል። ከዘጠና በላይ ያገኘ ደግሞ ሙሉ እምነት የተጣለበት ስለሆነ ስሙ ከሕያዋን መዝገብ ተሰርዞ በመናፍስት መዝገብ ይሰፍራል። በሁለቱም መዝገብ መገኘት በሕግ ያስቀጣል።

ቀበሌው በሄደ በወሩ፣ እማማ ኤልዳና ከምሳ በኋላ ጋደም ብለው ሳለ በራቸው ተንኳኳ። «ቤቶች! ቤቶች!» የሚል የሴት ድምፅ ሰሙ። በእሳቸው ልምድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ አድርጎ የሚያንኳኳ ሰው ለስብሰባ የሚጠራ ብቻ ነው። የቀበሌው መሄድ ለጊዜው ከሐሳባቸው ጠፋ። ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንዳደረጉት፣ «ኤልዳና የለችም!» ብለው ጮኹ።

ከበሩ ውጭ ጸጥ አለ። ቀጥሎ አንድ ሰው ጮኸ፣ ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። ያንኳኳችው «የሌሉት» የተባለው ዝግጅት አቅራቢ ውዳላት ነበረች። ስሙን ጠርቶ አለመኖሩን በገዛ አፉ የሚያስታውቅ መንፈስ ከዚያ በፊት ተገኝቶ አያውቅም። ዘጠና ሰባት ከመቶ ተሰጠው፤ በሳምንቱም እማማ ኤልዳና ከሕያዋን መዝገብ ተሰረዙ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ እንዲህ ነው። የኮሪደሩ መብራት ሰው ሲያይ የሚበራ ስለሆነ ለእሳቸው አይበራም። የመንገድ ጠራጊው ማሽን በር ላይ ያወለቁትን ጫማ «ባለቤት የሌለው ዕቃ» ብሎ ሁለት ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ በሦስተኛው ጫማውን በእግራቸው እንዳለ ሊወስደው ሲታገል በመጥረጊያ አናቱን ብለውት ነው የተዋቸው። ውኃ ከዝናብ ያጠራቅማሉ። ጣሪያው ላይ ጎረቤቶቻቸው ጥለዋቸው በሄዱ የመታጠቢያ ገንዳዎች ቲማቲም፣ ጎመንና ድንች ያበቅላሉ፣ አራት ዶሮዎችም አሏቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ መንፈስ ለማየት በአውቶቡስ የሚመጡ ጎብኚዎች ደረጃው ላይ ዳቦና ቴምር ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተገጣጠሟቸውና በትሕትና «እንኳን ደህና መጣችሁ» ቢሏቸው ሁለቱ ራሳቸውን ሳቱ፣ የቀሩት አጨበጨቡ።

ሐዋሳ ያለችው ልጃቸው ጥሩነሽ አልተኛችም። (የእማማ ኤልዳና እኩዮች እማማ ሶልያና፣ አባባ ያብስራ የሚባሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለልጆቻቸው ግን ያን ያረጀ ስም ማውረስ አሳፍሯቸው ጥሩነሽ፣ ድንበሩ፣ ውዳላት እያሉ ዘመናዊ ስም አወጡ።) ጥሩነሽ ማመልከቻ ስታስገባ እናቷ በአካል ይቅረቡ አሏት። በአካል እንዳይቀርቡ ባቡሩ በር የሚከፍተው ለሕያዋን ብቻ ነው። ራሷም እናቷን ለማየት ጎብኚ ሆና መምጣት ነበረባት። ሁለት ጊዜ መጥታ ከሕዝቡ ኋላ ቀርታ እያለቀሰች አቅፋቸዋለች፤ በሁለተኛው አስጎብኚው በስሜት መጎዳቷን አይቶ ውኃ አጠጣት።

በዚያ ግንቦት አንድ ቅዳሜ እማማ ኤልዳና ከደረጃው ያነሱት ዳቦ ውስጥ ደብዳቤ ተጠቅልሎ አገኙ። የጥሩነሽ ጽሕፈት ነው። «ሴት ወልጃለሁ። ሰማንያዋ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ይሞላል። አንቺ ሳትኖሪ ክርስትና አላስነሣትም ብዬ ምያለሁ፤ ባሌም ቄሱም ተቆጥተውኛል፤ እንደምንም ነይ» ይላል። እማማ ኤልዳና ዳቦውን እንደያዙ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። የጥሩነሽን መሐላ ያውቁታል፤ በሰባት ዓመቷ ጎመን አልበላም ብላ ምላ እስካሁን አልቀመሰችም። የልጅ ልጃቸው በእሳቸው ምክንያት ሳትጠመቅ ልትቀር ነው። ስምንት ቀን ቀርቷቸዋል።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ይህን ጊዜ እማማ ኤልዳና አላጠፉም፤ በሁለት እጃቸው ወለል አድርገው ከፈቱና፣ «አለሁ። እኔ ነኝ። ግባ፣ ልጄ» አሉ።

የመጣው ድንበሩ የሚባል የተዓማኒነት መሥሪያ ቤት መርማሪ ነበር። የመንፈስ ደረጃ በየሦስት ዓመቱ ስለሚታደስ ሊያድስ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አይሞላም፤ አያቱ ያሳደጉት፣ አንገቱን የሚደፋ፣ አሳዛኝ ጨዋ ነው። በአንድ እጁ ቅጽ፣ በሌላው ድስት የምታክል መሣሪያ ይዟል። መሣሪያዋን ወደ እማማ ኤልዳና አዞራት፤ «ማንም የለም» አለች። ድንበሩ መሣሪያዋን አየ፣ እማማ ኤልዳናን አየ፣ መልሶ መሣሪያዋን አየ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባ።

ሥራው ከመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተሰናከለ። በመመሪያው መሠረት መንፈስ የሚጠየቀው እንደ ጥንቱ በአንተና በአንቺ ነው። መንፈስን አንቱ ማለት ማባበል ስለሚሆን ከውጤት ላይ አምስት ነጥብ ያስቀንሳል። ድንበሩ ደግሞ የአያቱን እኩያ አንቺ ሊል ምላሱ አልታዘዘለት አለ። «ስም ማን ይባላል?» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ግድግዳው እያየ። «ዕድሜስ ስንት ይሆናል?» እማማ ኤልዳና ግድግዳውን ነው የሚጠይቀው ብለው ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ቲማቲም አቀረቡለት፤ እሱም በላ። ከበላ በኋላ ቅጹን ገልጦ መንፈስ ያበላው መርማሪ የት እንደሚሞላ ፈለገ፤ አላገኘም።

«እንግዲህ አይተኸኛል፤ በልተህልኛል» አሉት እማማ ኤልዳና። «አለች ብለህ ጻፍልኝና ልሂድ። እሑድ የልጅ ልጄ ክርስትና ነው።»

ድንበሩ እንቁላሉ ጉሮሮው ላይ እንደቀረ ሰው ሆነ። ቅጹ ሦስት ሳጥን ብቻ እንዳለው፣ እነሱም «ታየ»፣ «ተሰማ»ና «አልተገኘም» መሆናቸውን ነገራቸው። «በሕይወት አለች» የሚል በእጁ ቢጨምርበት ጉዳዩ ለክርክር ሰሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው የሚቀመጠው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። ሲቀመጥም በምን አወቅህ ይሉታል። በዓይኔ አየሁ እንዳይል የሰው ዓይን ተዓማኒነት ተለክቶ ሠላሳ አንድ ከመቶ ሆኖ ከማስረጃነት ከወጣ ቆይቷል።

«ታዲያ ያቺ ድስትህ ምን ታውቃለች?»

«እሷ እንኳ ዋሽታ አታውቅም፣ እማማ። እውነትም ተናግራ አታውቅም። የምትናገረው ቁጥር ነው።»

ድንበሩ የእንቁላሉን ቅርፊት እየሰበሰበ፣ የማይነገር ነገር እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ማኅተም እዚያው የሚሰጠው አንድ ወረቀት እንዳለ ነገራቸው። መሸኛ ነው። መንፈስ ካደረበት ከተማ ለቅቆ ወደ ሌላ ሲሄድ ይሰጠዋል፤ አለዚያ አንዱን መንፈስ ሁለት ጣቢያ ይቆጥረዋል። በመሸኛ የሚጓዝ መንፈስን ባቡሩ ይጭናል። ታዲያ መንፈሱ በቀጥታ ስርጭት፣ ተመልካች እየሰማ፣ በገዛ አፉ «ለቅቄያለሁ» ማለት አለበት።

የእማማ ኤልዳና ፊት ደም መሰለ። ሦስት ዓመት ሙሉ አለሁ አለሁ ሲሉ ኖረው አሁን በአደባባይ ሙት ነኝ በይ መባሉ ከልባቸው አቃጠላቸው። «በቁሜ ገንዘህ ልትሸኘኝ ነው?» አሉት። እሳቸውም መልስ ሳይጠብቁ ለዶሮዎቹ ጥሬ ሊበትኑ ወደ ጣሪያው ወጡ። ጥሬውን እየበተኑ ብዙ ቆዩ። ክብራቸውን ይዘው ቢቀሩ ክብራቸውን የሚያይላቸው አራት ዶሮ ብቻ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ አንዲት ሕፃን ስማቸውን ሳትሰማ ታድጋለች። ሲወርዱ ድንበሩ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ስርጭቱ መቼ ነው?» አሉት። ሐሙስ ነው አላቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብሎክ 46 ቅጥር ግቢ በካሜራና በጎብኚ ተሞላ። ውዳላት በነጭ ልብስ፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ቀረበች። አስመሳይ አልነበረችም፤ በመናፍስት ከልቧ ታምናለች፣ ከልቧም ትፈራቸዋለች፣ ተመልካች የሚወዳትም ለዚሁ ነው። እማማ ኤልዳና የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ደረጃው ላይ ቆሙ። የውጤቱ ቁጥር በትልቅ ሰሌዳ ላይ ያበራል። ዘጠና ሰባት ይላል።

«ማን ነሽ?» አለች ውዳላት ጮክ ብላ።

እማማ ኤልዳና ከድንበሩ ጋር የተስማሙት ስማቸውን ብቻ ሊናገሩ ነበር። ግን ልጅቷ የልጃቸው እኩያ ናት። «ማን ነዎት ነው የሚባለው» አሉ። «እናት አላሳደገችሽም?»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ሰሌዳው ዘጠና ስምንት አለ። ውዳላት ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ማን ነዎት?» ብላ አስተካከለች። ነገሯት። የት እንደሞቱ ጠየቀች። እዚህ ላይ ደግሞ ስምምነቱ ጨርሶ ከአእምሯቸው ተነነ።

«አልሞትኩም» አሉ። «ጉልበቴን ያመኛል፣ ከዚያ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ የዝናብ ውኃ እየጠጣሁ እዚሁ አለሁ። ሰው ነኝ እኮ፣ እናንተ።»

ከጎብኚዎቹ ብዙዎቹ አለቀሱ። አንድ ጢማም ሰው አጠገቡ ላለችው ሴት፣ እውነተኛ መንፈስ ሁሉ መሞቱን እንደማያውቅ በሹክሹክታ አስረዳት። ሰሌዳው ዘጠና ዘጠኝ አለ። እማማ ኤልዳና ቁጥሩን ሲያዩ ንዴታቸው አናታቸው ላይ ወጣ፤ ሁለት ደረጃ ወርደው የውዳላትን ክንድ ቆነጠጡ። «ይኸው። ይህ የሙት ቁንጥጫ ነው?»

«እጃቸው በረዶ ነው» አለች ውዳላት ወደ ካሜራው ዞራ፣ እየተንሰቀሰቀች። ቲማቲም ሲያጥቡ ስለዋሉ እጃቸው በእርግጥ ቀዝቅዞ ነበር።

ድንበሩ ከካሜራው ኋላ ሁለት ክንዱን አጣጥፎ ሕፃን የታቀፈ ሰው ይመስል ወዲህና ወዲያ ይወዛወዝ ጀመር። እማማ ኤልዳና አዩት። ንዴታቸው ቀስ ብሎ ወረደ፤ በቦታው እሑድ መጣባቸው።

ውዳላት እንባዋን ጠርጋ፣ በደንቡ መሠረት፣ ለመልቀቅ ምን እንዲሰጣቸው እንደሚፈልጉ ጠየቀች። መናፍስት ጥቁር በግ ይጠይቃሉ፣ ቀይ ዶሮ ይጠይቃሉ፣ ሽቶ የጠየቀም አለ። ዝግጅት ክፍሉ ሦስቱንም በመኪና ጭኖ መጥቷል። በጉ ጮኸ።

«መሸኛ» አሉ እማማ ኤልዳና። «ማኅተም ያለበት።»

«ታዲያ ይለቃሉ?»

ቃሉ ቀላል መስሏቸው ነበር። ሲሉት ግን ከበዳቸው። ሰባ አንድ ዓመት ኖረው፣ ወልደው፣ አሳድገው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው፣ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ሊክዱት ነው። «ለቅቄያለሁ» አሉ፣ በቀስታ፤ በጣም አዘኑ። ሕዝቡ ይወድቃሉ ብሎ ጠበቀ፣ መንፈስ ሲለቅ ይጥላልና። እማማ ኤልዳና ግን ጉልበታቸው እንደማይፈቅድ ተናግረው በእግራቸው ወደ ቤት ገቡ።

ድንበሩ መሸኛውን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ጻፈው። «ወ/ሮ ኤልዳና የብሎክ 46 መንፈስ ሆነው የቆዩና ጠባያቸው የተመሰገነ ሲሆን፣ በገዛ ፈቃዳቸው ለቅቀው ወደ ሐዋሳ የሚሄዱ ስለሆነ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን» ይላል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንቱ ነው የጻፈው። አምስቱን ነጥብ ቀንሱብኝ ብሎ ፈርሞ ማኅተም መታ።

ዓርብ ዕለት ሦስቱን ዶሮ ለጢማሙ ጎብኚ ትተው፣ አራተኛዋን ለጥሩነሽ መጠየቂያ ይዘው ባቡሩ በሚያልፍበት በኩል ወዳለው ጣቢያ ሄዱ። በሩ መሸኛውን አነበበና፣ «መንፈስ፣ አንድ። ክብደት፣ የለም። ዶሮ፣ አንዲት። በሕይወት ያለች» አለ። ለዶሮዋ ወንበር ተሰጣት፣ ለእሳቸው አልተሰጣቸውም። ዶሮዋን አቅፈው በዶሮዋ ወንበር ተቀምጠው ሐዋሳ ገቡ።

እሑድ ሕፃኗ ተጠመቀች። ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት አናጋችው። ቤት ሲገቡ ጥሩነሽ ልጇን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠች፤ እማማ ኤልዳናም የሕፃኗን ፊት ትክ ብለው እያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። ደስታ ነው ያስለቀሳቸው። እንባቸውን ሳይጠርጉ ጭናቸው ላይ ሙቀት ተሰማቸው። ሕፃኗ በመታቀፊያዋ አልፋ፣ በክት ቀሚሳቸው አልፋ፣ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ወረቀት አርሳዋለች። ጥሩነሽ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችው። ማኅተሙ ወይን ጠጅ ውኃ ሆኖ ወርዷል።

«መሸኛሽን መሽኛ አደረገችልሽ» አለች። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቀስ በቀስ ግን ሳቁ ጠፋ። ማኅተም የሌለው መሸኛ መሸኛ አይደለም። ሰኞ ቀበሌው ካልተቀበለው እማማ ኤልዳና ወደ ጨፌ ብርሃን መመለሳቸው ነው።

ሰኞ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ስንዱ የምትባል፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ አምስት ልጅ ያሳደገች ጸሐፊ ናት። ቴሌቪዥን የምታይበት ጊዜ ኖሯት አያውቅም። ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ወደ ብርሃኑ አነሣችው።

«ምን ነክቶት ነው?»

«የልጅ ልጄ ሸንታበት ነው» አሉ እማማ ኤልዳና። «የሰማንያ ቀን ልጅ ናት። ጭኔ ላይ ሆና።»

ስንዱ ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። አምስት ልጅ ያሳደገ አፍንጫ አይሳሳትም። «መንፈስ ነዎት ይላል» አለች።

«ይላል።»

«ሽንቱ መሬት ወረደ ወይስ ቀሚስዎ ላይ ቀረ?»

«ቀሚሴ ላይ ቀረ። ሁለት ጊዜ አጥቤው እንኳ አልለቀቀም።»

ስንዱ ጥቂት አሰበች። መንፈስ ቢሆኑ ኖሮ ሽንቱ አልፏቸው ወለሉ ላይ ይፈስ ነበር፤ ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አዲስ ቅጽ መዝዛ ከላይ የእማማ ኤልዳናን ስም ጻፈች፣ «በሕይወት ያሉ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች፣ ማኅተሟን እፍ ብላ መታች። ማስረጃ በሚለው መስመር ላይ «የሕፃን ሽንት» ብላ ሞላች። ከጎኑ ተዓማኒነት የሚል ባዶ ሳጥን ነበር፤ ብዕሯን ሳታነሣ መቶ ከመቶ ሰጠችው።